ኅዳር አሥራ ሦስት

ሰመራ ከቀትር በኋላ ሰው አይወጣም። ኸሊዳ የምትሠራበት ክፍል መጋረጃው ተዘግቶ፣ የሚሰማው የኮምፒውተሮቹ ትንፋሽ ብቻ ነው። ሥራዋ ከሕመምተኞች ደም የተገኘውን የወባ ዘረመል በኮምፒውተር ማንበብ፣ መድኃኒት የተላመደውን መለየት ነው።

ያስተማራት ጋሽ አስናቀ ነው፤ የአዋሽ ባቡር ሠራተኛ ልጅ። ዓምና በድንገት አረፈ። በየፋይሉ ጎን ግን አሁንም «ባለቤት፦ አስናቀ» ይላል። ኸሊዳ እዚያ ላይ ዓይኗን አታቆይም።

ኃላፊዋ ዶክተር ስዩም ከጀርባዋ ቆመ።

«ይህን ሰንጠረዥ እዪ። አስናቀ ካቻምና ኅዳር አሥራ ሦስት ዱብቲ ደም ወሰድኩ ይላል። የዚያን ቀን ፈቃድ ላይ ነበር። ቁጭ ብሎ የፈጠረው ነው። ናሙናዎቹ ከጥናቱ ይውጡ፤ ፎልደሩንም አጥፊው፣ ቦታ ጠቦናል።»

ኸሊዳ ቀኑን ታውቀዋለች። ካቻምና ኅዳር አሥራ ሦስት አባቷ አዋሽ የተቀበሩበት ቀን ነው። አባቷ ከወሎ መጥተው ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሻይ ቤት ነበራቸው። ጋሽ አስናቀ ደጃቸው ላይ ቃሬዛውን በትከሻው ሲቀበል በዓይኗ አይታለች። አዋሽ ነበር ብላ ብትመሰክር የምትመሰክረው በእሱ ላይ ነው። ታዲያ ዱብቲ የነበረው ማን ነው?

«እስከ ማታ ይስጡኝ፣ ዶክተር።»

«ሙት አይከራከር፤ አንቺ ምን አደከመሽ?»

ሰንጠረዡን ዘግታ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፈተች። «ሰንጠረዥ ያሳምርልሻል እንጂ እውነቱን አይነግርሽም፤ ወደ ጥሬው ውረጂ» ይላት ነበር ጋሽ አስናቀ። ጥሬውን ፋይል ማንም እንዳይለውጠው ቆልፎት ነው የሞተው። ማንበብ ግን ይቻላል። መስመሮቹ ወረዱ።

3/13።

«ያ አላህ! ጳጉሜን!»

ቀን ሦስት፣ ወር አሥራ ሦስት። እንደ አገሩ ሰው ቀኑን አስቀድሞ ጽፏል። ማሽኑ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ ገልብጦ ወር ሦስት፣ ቀን አሥራ ሦስት አለው። የጳጉሜን ናሙና ሁሉ ከመስከረም እስከ ጥር በየወሩ አሥራ ሦስተኛ ቀን ላይ ተበትኗል።

ማሽኑ ቀኑን ሳይተረጉም እንደተጻፈ እንዲወስደው አዘዘችና ሰንጠረዡን እንደገና ሠራች። ዶክተር ስዩም ተጠርቶ መጣ፣ ጎንበስ ብሎ መስመሩን በጣቱ ተከተለ።

«አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ እያልን ስንዘፍን፣ ለማሽኑ ሳንነግረው!» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ናሙናዎቹ ይግቡ። ፎልደሩንም አትንኪው።»

ብቻዋን ስትቀር ኅዳርን ፈልጋ አየች። አሥራ ሦስት ላይ ምንም የለም። ጋሽ አስናቀ ዱብቲ አልሄደም። አሁንም ደጃቸው ላይ ነው፤ ቃሬዛው ከትከሻው አልወረደም።