አገርነሽ የመረጠችው ዘር

ዳባት ብርድ ነው። የወባ ትንኝ በፈቃዷ የምትኖርበት አገር አይደለም። ስለዚህ በከተማው ዳር ባለችው፣ ትንኝ በምታረባው አነስተኛ የምርምር ጣቢያ አንዲት ክፍል ቀን ከሌት እየሞቀች ትኖራለች። ግድግዳዋ ላይ እርጥብ ጨርቅ ይሰቀላል፣ ጥጉ ላይ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይነድዳል። ባለቤቷ አገርነሽ ናት። ባለቤት ያላት ሹም የለም፤ ግን እሷን ሳያስፈቅድ የሚገባባት ሰውም የለም።

አገርነሽ የጊች ልጅ ናት። የጊች ሰው ከሰሜን ተራሮች ፓርክ ወጥቶ ደባርቅ ሲሰፍር እሷም የገብስ ማሳዋን ትታ ወረደች፤ ከዚያ ዳባት መጥታ በጣቢያው የትንኝ እጭ የሚያድግበትን ትሪ ማጠብ ጀመረች። የትንኞቹ ሣጥን በእጇ የገባው ቆይቶ ነው። የመጀመሪያዎቹ ትንኞች ከሊማሊሞ ግርጌ በተቀዳ የኩሬ ውሃ የመጡ ነበሩ። አንድ ክረምት መብራት ጠፍቶ ክፍሏ ቀዘቀዘችና አብዛኞቹ አለቁ። አገርነሽ የተረፉትን ጥቂቶች፣ የመረብ ሣጥናቸውን በጋቢ ጠቅልላ፣ ዙሪያውን ሙቅ ውሃ በሞላ ጄሪካን ከብባ አቆየቻቸው። ከነዚያ ጥቂቶች ሣጥኑ እንደገና ሞላ። ጣቢያው አመሰገናት፤ እሷም ምስጋናው እንደሚገባት አልተጠራጠረችም።

ከዚያ ወዲህ ዘሩን በጥንቃቄ ያዘችው። ጊች ሳለች ለዘር የሚቀመጠው ገብስ ቀድሞ የደረሰው፣ ዛላው የወፈረው ነበር፤ ቀጭኑ ወደ ድስት ይሄዳል። በእጮቹም ላይ ያንኑ አደረገች። ቀድሞ ያደገውንና ወፍራሙን በጭልፋ እያወጣች ለሚቀጥለው ትውልድ አኖረች፤ ዘግይቶ የሚጎተተውን ከውሃው ጋር ደፋችው። እንዲህ አድርጊ ያላት አልነበረም፤ ተዪ ያላትም እንዲሁ። ትንኞቹ ወፈሩ፣ ገሩ፤ ደም የምትሰጣቸው ጥንቸል ገና ስትቀርብ ይሰፍሩባታል።

የጣቢያው ሥራ መድኃኒት የተነከረ አጎበር መፈተን ነው። አዲስ አጎበር በመጣ ቁጥር በነዚህ ትንኞች ላይ ይሞከራል፤ በነኩት ቁጥር ይረግፋሉ፤ አጎበሩ ጥሩ ነው ይባላል። ከሊማሊሞ በታች ግን ያንኑ አጎበር ዘርግቶ የሚተኛው ሰው በወባ መንቀጥቀጡን አልተወም። አዲሷ ኃላፊ ዶክተር ማርያማዊት፣ የደባርቅ ካህን ልጅ፣ ነገሩ አላምር ብሏት ትንኞቹን አዲስ አበባ ወስዳ አስመረመረች። ስትመለስ ሻንጣዋን ሳታወርድ ወደ ሞቃቷ ክፍል ገባች።

«እትየ አገርነሽ፣ ትንኞቻችን ችግር አለባቸው» አለች።

«የኔዎቹ? እስቲ እያቸው! እንደ ሙክት ነው የወፈሩት።»

«እሱ እኮ ነው ችግሩ። ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነዋል። የቆላው ትንኝ ብዙ ዓይነት ዘር አለው፤ ቀጭኑም፣ ቀርፋፋውም፣ መድኃኒት የማይገድለውም። የኛዎቹ ከጥቂቶች ተነሡ፣ ከዚያ ደግሞ እርስዎ መረጡባቸው። ለገብስ ቢሆን ደግ ነበር። እኛ ግን የምንፈልገው የተሻለ ትንኝ አይደለም፤ ቆላ ያለችውን ትንኝ ነው።»

ሾፌሩ ደምለው በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። «እና እስካሁን እህትና ወንድም ሲያጋቡ ነው የኖሩት በሉኛ!» አለ። «ሰባት ቤት የሚቆጥር ሽማግሌ እንኳ ሳይጠሩ!»

«አንተ ሂድ፣ መኪናህን እጠብ» አለችው አገርነሽ።

ፊቷ ግን ተለወጠ። ልጇን ስትድር የሁለቱን ወገን አያትና ቅድመ አያት ስትቆጥር የከረመች ሴት ናት፤ ነገሩን ለመረዳት ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። በገዛ እጇ፣ በዚያች ሣጥን ውስጥ፣ ዘመድን ከዘመድ ስታጋባ ኖራለች።

«እንግዲህ ምን ይሁን?» አለች።

«ይህን ዘር አጥፍተን ከቆላ እንደገና መጀመር ነው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

አገርነሽ ትሪውን አስቀመጠች። «ለሴቶቹ ከቆላ ወንድ ብናመጣላቸውስ?»

ማርያማዊት ወደ ሣጥኑ ጠጋ አለች። «የዱር ወንድ በሣጥን ውስጥ አይጣመርም። ሲመሽ ሰብሰብ ብሎ የሚበርበት ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። እንሞክረው፤ ካልተዋለዱ ግን ያልኩት ይሆናል።»

አገርነሽ ከደምለው ጋር ሊማሊሞን ወረደች። በዛሪማ በኩል የከብት ኮቴ ከተወው ጉድጓድ ውስጥ ሳይቀር እጭ በጭልፋ ቀዳች። ሲመለሱ በየጠመዝማዛው ደምለውን ቀስ በል እያለች፣ አየር እንዲገባ የጄሪካኑን አፍ እየከፈተች፣ በጭኗ መሃል ይዛ ወጣች። ከእጮቹ ክንፍ ያወጡትን ወንዶች፣ እንደ ላባ በሚያምረው ቀንዳቸው እየለየች፣ ሰፊ ድንኳን ውስጥ ከቤቱ ሴቶች ጋር ለቀቀቻቸው። ድንኳኑ ከመጋረጃ ጨርቅ የተሰፋ ነው፤ ገበያ ላይ ያለው አጎበር ሁሉ መድኃኒት የተነከረ ነውና።

የመጀመሪያዎቹ ወንዶች ጥግ ይዘው ተለጥፈው ሞቱ። አገርነሽ ዳግመኛ ወረደች። በሁለተኛው ጊዜ መብራቱን ድርግም ከማድረግ ይልቅ እንደ ምሽት ቀስ እያሉ አደበዘዙት፤ ወንዶቹም ተነሥተው በድንኳኑ አናት እንደ ጭስ ዞሩ። እንቁላል ተገኘ።

«አሁን አንድ ነገር ብቻ» አለች ማርያማዊት። «እባክዎ አይምረጡ።»

ለአገርነሽ ከሊማሊሞ መንገድ ይልቅ ይህ ከበዳት። ሰንፎ ከትሪው በታች የሚሳበውን እጭ ባየች ቁጥር እጇ ይነሣል። በመጨረሻ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መጭለፍ ጀመረች። እንዲህ ሆኖ የወጣው ትውልድ ተራ ነበር፤ ትልቅም ትንሽም፣ ገራምም ደንባራም። በአጎበሩ ሲፈተን ብዙው ሞተ፣ ከፊሉ በማግስቱም ቆሞ ተገኘ። የቆላው ሰው ለምን እንደታመመ ሣጥኑ ውስጥ ቆሞ ታየ።

«ድብልቁ ይቀጥላል» አለች ማርያማዊት። «የድሮው ሣጥን ግን አብሮት መኖር አይችልም። አንዷ አምልጣ ብትቀላቀል ሥራው ሁሉ ይበላሻል።» ቀጥላም በዝግታ፣ «ማጥፋቱን ለሌላ ሰው ልስጠው?» አለቻት።

«የሌላ ሰው እጅ አይነካውም» አለች አገርነሽ።

የድሮውን ሣጥን አንሥታ በኮሪደሩ አለፈች። ትንኞቹ በብርድ የሚጠፉበት ማቀዝቀዣ ያለው ደምለው ከሚቀመጥበት ወንበር አጠገብ ነው። ትንኞቹ ትንፋሿ ሲነካቸው እንደ ልማዳቸው መረቡ ላይ ሰፈሩ።

«እትየ፣ አይዘኑ እንጂ» አለ ደምለው። «የኛን ደም ሊመጥጡ የመጡ እኮ ናቸው።»

«መጠጡህ?»

«እኔንማ አልመጠጡኝም።»

«እንግዲያው ክዳኑን ያዝልኝ።»

ደምለው ተነሣና ክዳኑን ያዘላት። ሣጥኑን በቀስታ አስገባች፤ ክዳኑን ከእጁ ተቀብላ ራሷ ዘጋችው።