ለሰው ያልተነገረ ምጥ

እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ደብረ ወርቅ ጤና ጣቢያ የወለደችው በእኔ ውትወታ ነው። ደብረ ማርቆስ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ መውለድ የማውቀው ከመጽሐፍ ቢሆንም ከቤተሰቡ የተማርኩት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ቃሌ ይሰማ ነበር።

እናታችንን ከበር መለሷት፤ እኔን አስገቡኝ። እህቴ እንደ አገራችን ሴት ተንበርክካ መውለድ ፈለገች። በጀርባዋ አስተኝተው እግሮቿን ብረት ላይ ሰቀሉ። ለልምምድ የመጡ ተማሪዎች፣ ወንዶቹም ጭምር፣ በግርጌዋ ቆመው ያያሉ። ስትጮህ አዋላጇ ጭኗን በጥፊ መታቻትና፣ «ስታረግዢውም እንዲህ ጮኸሽ ነበር?» አለቻት። ተማሪዎቹ ሳቁ። እህቴ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ሰንጠረዥ ማንበብ ጀመርኩ።

ልጁ በደህና ተወለደ።

ሁለተኛውን ልትወልድ የደረሰችው ክረምት ላይ ነው። ትምህርት ተዘግቶ ከደብረ ወርቅ ሁለት ሰዓት በእግር ከሚያስኬደው መንደራችን ገብቼ ነበር።

«እትዬ፣ አሁንም ጤና ጣቢያ ነው አይደል?» አልኳት።

«አንቺ ሂጂና ውለጂ፣ ተማሪዎችሽ ፊት።» ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ትታ፣ «ምጤ ሲመጣ ለማንም እንዳትናገሪ። ማርያምን በይ» አለችኝ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ…»

«ማርያምን በይ።»

«ማርያምን» አልኩ።

በእኛ አገር ምጥ ለሰው አይወራም። የሰማው ሰው በበዛ ቁጥር ይበረታል ይባላል። እኔ አላምንበትም። ግን ምያለሁ፤ ደግሞም ያን ሰንጠረዥ ካነበብኩ በኋላ የምከራከርበት አፍ አልነበረኝም።

ምጡ አንድ ቀን ጠዋት መጣ። እናቴ በሩን ዘጋች። ሁለታችንንም ስትወልድ ያዋለዷትን ጎረቤታችንን፣ አሮጊቷን፣ በጓሮ በኩል አስገባች። ለጠየቀ ሁሉ «ራሷን አሟት ተኝታለች» ትላለች። ባሏ እንኳ ሳይሰማ አረም ላይ ዋለ። እህቴ ምሰሶውን ይዛ ተንበረከከች። አሮጊቷ ወገቧን በቅቤ እያሹ፣ «አይዞሽ የኔ አበባ» ይሏታል። ማንም አልተቆጣትም፣ ማንም አልሳቀባትም። አልዋሽም፤ ያማረ ነበር። እኩለ ቀን ሳይሞላ ሴት ልጅ ወለደች።

እንግዴ ልጁ ግን አልወጣም። ጠርሙስ አፏ ላይ አድርገው ንፊ አሏት፤ ነፋች። ደሙ አላባራ አለ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ፈተና ላይ አውጥቼው አውቃለሁ። ስልኬን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቁጥር ነበረኝ። እናቴ ተከትላኝ ወጣች።

«ማንን ልትጠሪ ነው?»

«ማንንም።»

«እንግዴ ልጁ ሳይወጣ ሰው አይስማ። ትንሽ ታገሺ፣ ልጄ።»

ታገሥኩ። ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም። ከሥሯ ያነጠፍነው ጨርቅ ሦስት ጊዜ ተቀየረ። ያኔ ደወልኩ። መንገዱ ጭቃ ስለሆነ አምቡላንሱ ከድልድዩ አያልፍም ተባልን። ባሏ መውለዷንና መድማቷን በአንድ ጊዜ ሰማ። ወንዶች ቃሬዛ አበጁ።

በዝናብ ከጎኗ እየሮጥኩ ነበር።

«ወዴት ነው?» አለችኝ።

«ጤና ጣቢያ።»

«እዚያው?»

«አይደለም፣ ሌላ ነው» አልኳት። ሌላ የለም። ዓይኗን ከደነች። ድልድዩ ሳንደርስ አረፈች።

በሦስተኛው ቀን ያቺው አዋላጅ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለልቅሶ መጣች። ከልቧ አለቀሰች። አጠገባችን ተቀምጣ፣ «ምነው እማማ፣ ምነው ወደ እኛ ብታመጧት? ያን ጊዜ እኔ አይደለሁ ያዋለድኳት?» አለች።

«ቀኗ ነው» አለች እናቴ። አሮጊቷ ከጥግ ተቀምጠው አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የሚያነጋግራቸው ሰው አልነበረም።

አዋላጇ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ነበርሽ አብረሻት። በሰላም አልሸኘኋትም?»

ውሸት አልነበረም። በሰላም ነበር የሸኘቻት።

«አዎ» አልኩ፤ ደህና አድርጋ እንድትቀመጥም ጠጋ አልኩላት።