የሌላ ሰው ይቅርታ

አባቴ ደረጃ ሲወጣ መደገፊያ ይዞ አያውቅም። ስድሳን ካለፈ በኋላ፣ ጉልበቱ እንደ አሮጌ በር መንቋቋት ሲጀምር እንኳ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ተጠግቶ ነበር የሚወጣው። "አባዬ፣ ይኼ ብረት ለጌጥ ነው እንዴ የተሠራው?" ስለው፣ "ማን እንደበየደው በምን አውቃለሁ!" ይለኛል። ዕድሜውን ሙሉ የደረጃና የበረንዳ መከታ ሲበይድ የኖረ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። እኔም ቀልድ እየመሰለኝ እስቅ ነበር። ነገር ቶሎ ይገባኛል ብዬ የምኮራ ሰው ነኝ፤ ይህኛው ግን ሳይገባኝ ሠላሳ ዓመት ሞላኝ።

የሰፈሩ ሰው ጋሽ ብልጭታ ይለዋል። የሸሚዙ እጅጌ ሁሉ በእሳት ፍንጣሪ የተበሳሳ ነው፤ አዲስ ሸሚዝ ብገዛለትም በሳምንቱ ወንፊት አድርጎት ይመጣል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ ሽማግሌ ነው። በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ ለጥምቀት የሚዘጋጁትን ያስተምራል፤ እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ስማቸውን እመዘግባለሁ። ትምህርቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ሰው የሚድነው በሥራው ብዛት አይደለም፤ በልቡ አምኖ፣ ያመነውን በአፉ ሲመሰክር ነው ይላቸዋል። "ልብና አፍ እንደ ሁለት ብረት ናቸው፤ በደንብ ካልተጋጠሙ ብየዳው አይዝም።" ተማሪዎቹ ይህችን አባባል ይወዷታል። እኔማ ሥራውንና እምነቱን አንድ ላይ ያጋጠመ አባት አለኝ ብዬ እኮራባት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ትምህርቱ ተጀምሮ ሳለ አንድ ሸበቶ ሰው የበሩን ጉበን ላለመምታት ጎንበስ ብሎ ገባ። አባቴ እጅ ላይ የነበረው ጠመኔ ተሰበረ።

"ወንድሜ! አንተ ነህ የምታስተምረው? ተመስገን!" አለና ሰውዬው አባቴን አቀፈው። አባቴ ግን እንደ ቆመ ቀረ፤ እጆቹ አልተነሱም።

ይህ ሰው በቁመቱ የተነሳ ሁሉም ረጅሙ የሚሉት ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ከአባቴ ጋር በአንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይሠራ እንደነበር እናቴ ስትናገር ሰምቻለሁ። ለምን እንደወጣ ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ያን ቀን ራሱ ረጅሙ ተናገረው። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ማንም ሳይጠይቀው ጀመረ።

"ከሃያ አራት ዓመት በፊት የአንድ በረንዳ መከታ በየድኩ። አንዱን እግር በደንብ አልበየድኩትም ነበር። አንዲት እናት ልብስ ሊያሰጡ ደገፍ ሲሉ ተነቅሎ ከአንደኛ ፎቅ ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ፤ ከዚያ በኋላ ያለ ምርኩዝ አልሄዱም። ከሥራ ተባረርኩ፤ ይገባኛል። በየሳምንቱ እየሄድኩ ውሃ እቀዳላቸው፣ ገበያ እሄድላቸው ነበር። እማማ ባለፈው ወር አረፉ። ሊሞቱ ሲሉ እጄን ይዘው 'ይቅር ብዬሃለሁ ልጄ' አሉኝ። ጌታም ይቅር እንደሚል አምናለሁ። ግን እዚህ ጋ አይገባልኝም።" ደረቱን መታ መታ አደረገ። "እምነቴ ጎዶሎ ነው ማለት ነው? ትምህርቱን ሌላ ቤተ ክርስቲያን ጨርሻለሁ፣ የነገ ሳምንት እዚህ ልጠመቅ ነው፤ ሳልድን ውሃ ውስጥ ገብቼ ልወጣ ነው?"

አባቴ "እምነትህ ጎዶሎ አይደለም" አለ፤ ድምፁ አንሶ አንሶ። ከዚያ ዞሮ ሰሌዳውን ይጠርግ ጀመር። ሰሌዳው ላይ ምንም አልተጻፈም ነበር።

ቤት ስንገባ ሸሚዙን ሳይቀይር ወጥ ቤት ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠና ነገረኝ።

በዚያ ሥራ ቤት እያንዳንዱ በያጅ የራሱ የብረት ማህተም ነበረው። ሥራው ሲያልቅ መከታውን ገልብጦ፣ ከታች በኩል ማህተሙን በመዶሻ ይመታል፤ የአባቴ ቀለበት ነው፣ የረጅሙ ሦስት ማዕዘን። ያን ቀን የረጅሙ ሚስት ምጥ ይዟት እሱ በምሳ ሰዓት ጥሎ ሄደ። የጭነት መኪናው ደጅ ላይ ጥሩንባውን ይነፋል። አባቴ የመጨረሻውን እግር ለጊዜው ያዝ እንዲያደርገው ሁለት ቦታ ብቻ ነካ ነካ አድርጎታል፤ ቀለም ቀቢው "አለቀ?" ሲለው "አለቀ" አለ። የሁለቱም ማህተም በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ሳያይ አንዱን አንስቶ መታ።

"የተሰበረው ሲመጣ 'እኔ ነኝ' ልል አፌን ከፍቼ ነበር" አለኝ። "አለቃችን ሲገለብጠው ሦስት ማዕዘን ሆነ። እኔም እንደ ሌሎቹ ነው የደነገጥኩት። ያን ጊዜ ረጅሙ ራሱ ቀረብ ብሎ አየና፣ 'የኔ ነው፤ ያን ቀን ልቤ እዚህ አልነበረም' አለ። አመነ፣ ልጄ። ያላደረገውን አመነ። እኔም አፌን መልሼ ዘጋሁ።"

ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ። የአባቴ ዝምታ ግን ሃያ አራት ዓመት የዛገ ብረት ነበር፤ በሌላ ሰው ሥጋ ውስጥ።

"ለእግዚአብሔር ነግሬዋለሁ" አለኝ። "ሳልነግረው ያደርኩበት ቀን የለም።"

"እግዚአብሔርማ መች አጣው! የማያውቀው እኮ ረጅሙ ነው!" ብዬ ጮኽኩበት።

"አንቺ ስድስት ዓመትሽ ነበር፣ እናትሽ ታማለች፤ ሥራዬን ባጣ..."

"እኔ ላይ እንዳታላክክ!" አልኩና ተነሳሁ። ተነስቼ ግን የትም አልሄድኩም። በዚያ ዓመት ትምህርት ቤት ስገባ የተገዛልኝ ቀይ ጫማ ትዝ አለኝ። ረጅሙም በዚያው ሳምንት የተወለደች ልጅ ነበረችው። እሷ ምን ጫማ እንዳደረገች አላውቅም፤ ለማወቅም አልደፈርኩም። አፍሬ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

አባቴ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ያያቸው ነበር። "ኃጢአቴን ጌታ ተሸከመልኝ እያልኩ አስተምራለሁ" አለ። "ለካ አንድ ሌላ ሰውም በጎን ተሸክሞልኛል። እሱ ግን ፈቅዶ አይደለም።"

ሳምንቱን ሙሉ እህል አልቀመሰም ማለት ይቻላል። ሁለት ጊዜ እስከ ረጅሙ ቤት በር ሄዶ ሳያንኳኳ ተመለሰ። እኔም አላባበልኩትም፤ ክፉ ሆኜ ሳይሆን፣ ማባበሉ ራሱ ስርቆት መስሎ ታይቶኝ ነው።

በጥምቀቱ እሑድ ተጠማቂዎቹ ወደ ውሃው ከመግባታቸው በፊት አንድ በአንድ እየቆሙ ከምን እንደዳኑ ይመሰክራሉ። የረጅሙ ተራ ደረሰ። ነጭ ቀሚሱ ከቁመቱ አጥሮ ቁርጭምጭሚቱ ይታያል። "እኔ አንዲት እናት ያሽመደመድኩ ሰው ነኝ" ብሎ ሲጀምር አባቴ ከፊተኛው ወንበር ተነሳ።

"ወንድሜ፣ ተው። አንተ አይደለህም።"

ከዚያ ሁሉንም ተናገረ። ማህተሙን፣ ቆርቆሮውን፣ "አለቀ" ያላትን ቃል፣ ከፍቶ የዘጋውን አፉን። አላማረለትም፤ ተንተባተበ፣ የቀኑን ቅደም ተከተል አዛነቀው፣ አፍንጫውን በዚያ በተበሳሳ እጅጌ ጠረገ። ልብና አፍ ብሎ የሚያስተምረው ሰው ልቡን ወደ አፉ ለማምጣት ያን ያህል ሲታገል ማየት አንጀቴን በላው። አፍሬበታለሁም። ሁለቱም እውነት ነው።

ረጅሙ ወደ ሰባኪው ዞሮ፣ "ጋሼ፣ ዛሬ አልጠመቅም" አለ። "የምናዘዘውን ኃጢአት ወሰደብኝ። ሌላ ፈልጌ እመጣለሁ።" ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው። ረጅሙ አልሳቀም።

ግቢ ውስጥ፣ ልብሱን ቀይሮ ሲወጣ፣ አባቴ ደረጃው ሥር ቆሞ ይጠብቀው ነበር። ረጅሙ በቁመቱ ልክ ከላይ አየውና እንዲህ አለው፦

"እማማ 'ይቅር ብዬሃለሁ' ያሉኝ ለካ ላንተ ነው። አልገባልኝም ያልኩህ ለዚህ ነዋ፤ በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ነበር። በል እንካ፣ ውሰደው። ሴትዮዋ ከልባቸው ነው የሰጡት።"

አባቴ ማልቀስ ጀመረ።

"ቆይ፣ አልጨረስኩም" አለ ረጅሙ። "የሳቸውን ሰጥቼሃለሁ። የጌታንም እሱ ያውቅበታል፤ አንተ አይደለህ እንዴ የምታስተምረው። የኔን ግን ገና አልሰጠሁህም። ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ጠይቀኝ።"

ይኸው አራተኛ ወሩ ነው። አሁን የሚያስተምረው ሌላ ሰው ነው፤ አባቴ ከተማሪዎቹ ጋር አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፣ ረጅሙ ከጎኑ። እኔም ስማቸውን ተራ በተራ እመዘግባለሁ። ትምህርቱ ሲያልቅ አባቴ ዞር ይልና፣ "ዛሬስ?" ብሎ ይጠይቀዋል።

"ገና ነው" ይለዋል ረጅሙ፤ ባርኔጣውን ያደርግና፣ ለሚመጣው ቅዳሜ ቦታ እንዲይዝለት ነግሮት ይሄዳል።