ምርቃት ለኳሱ ባለቤት

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የበቆሎ ጎተራ ነበር። እህሉ ከወጣ ቆይቷል፣ የነቀዝ ሽታው ግን ግድግዳው ውስጥ ቀርቷል። ጣራው ቆርቆሮ ስለሆነ የነቀምቴ ዝናብ ሲወርድበት ሰው ጎኑ የተቀመጠውን እንኳን አይሰማም። በሩ ሲከፈት ውስጥ ያሉት እግራቸውን ሰበሰቡልኝ። አንድ ሽማግሌ በኦሮምኛ «ኮቱ፣ ታኢ» አሉኝ፣ ና ተቀመጥ ማለታቸው ነው። ከጉቶ ጊዳ የመጡ ጭሰኛ ናቸው፤ ከአዝመራው ለባለ መሬቱ የሚሰጠውን ድርሻ አልሰጥም ብለው ነው የታሰሩት።

«በምን ገባህ?» አሉኝ።

«በኳስ።»

ጥግ ላይ የተኛ አንድ ጎረምሳ ቀና አለ። «መስኮት ሰብረህ ነው?»

«ተናግሬ ነው።»

«እንግዲያ በአፍህ ነው የገባኸው፣ ኳስን አትክሰሳት» ብሎ ተመልሶ ተኛ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ፊደል የለየሁት በራሴ ነው፣ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ። የከተማችንን ቡድን ማሊያ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ የመጀመሪያ ልጄም በግራ በኩል ተከላካይ ነበር። ኳሱን የገዙት፣ የማሊያውን ጨርቅ ያመጡት፣ ወደ ጊምቢ የምንሄድበትን የጭነት መኪና የሚያዙት አንድ ትልቅ ባለ መሬትና የቡና ነጋዴ ናቸው። ሰው «አባ ኩባ» ይላቸው ነበር፣ የኳሱ ባለቤት ማለት ነው። አሰልጣኙ ደግሞ በእሳቸው የቡና መጋዘን የሚሠራ ወጣት ነው። ልጆቹን ከሥራ በኋላ ጭቃ ላይ ያሯሩጣቸው፣ ኳስ አልሰጥ ያለውን ልጅ ከሜዳ ያስወጣ ነበር። ለዋንጫው በተጫወትንበት ቀን ኳስ አልሰጥ ያለው የአባ ኩባ ልጅ ሆነ። አሰልጣኙ እሱንም አስወጣው። ከዚያ በኋላ ነው ጎሉን ያገባነው።

ዋንጫው ሲሰጥ አባ ኩባ የአውራጃው ገዢ ፊት ቆመው «ይህን ቡድን ለዚህ ያበቃሁት እኔ ነኝ» አሉ። የአሰልጣኙን ስም አላነሱም። ሰው አጨበጨበ። እኔ ግን እጄን አነሳሁ። «ኳሱን ገዝተውልናል፣ እግዜር ይስጥልን። ያሸነፈው ግን ያሰለጠነን ሰው ነው። መሬቱ የእርስዎ ስለሆነ እህሉን ያበቀሉት እርስዎ ነዎት ይባላል?» አልኩ።

በማግስቱ ፖሊስ ከስፌት መኪናዬ ላይ አስነሳኝ። ጣቢያ ውስጥ ስለ ኳስ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም። «መሬት ያልከውን ማን አስተማረህ? ተማሪዎቹ ናቸው?» ይሉኛል። ስለ አጥቂ ስነግራቸው ስለ ጭሰኛ ይጽፋሉ። በመጨረሻ ገበሬ አነሳሳ ተባልኩ።

ክፍሉ ውስጥም አላረፍኩም። ሽማግሌው ነገሩን ሰምተው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ደግ ተናገርክልን» አሉኝ።

«አባባ፣ እኔ የተናገርኩት ስለ ኳስ ነው።»

«እኮ» አሉኝ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው። በጣም ተናደድኩ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ዝናቡ ሲያባራ በሩ ተከፈተ። የወህኒ ቤቱ አዛዥ ሻምበል ገባ፤ ከኋላው አሰልጣኙ ትልቅ ገበታ ተሸክሞ ተከተለው። አባ ኩባ ለዋንጫው በሬ አርደው ለእስረኛም ልከዋል። ቅቅል ሥጋ ነው፣ ጎኑ አንጮቴ የሚባለው የወለጋ ሥር። እንፋሎቱ የጎተራውን ሽታ አጠፋው። 

በእኛ አገር ከድግስ ምግብ የተላከለት ሰው ሳይመርቅ አይጎርስም። አንዱ ቆሞ ይመርቃል፣ ሌላው «ሀ ተኡ»፣ ይሁን፣ እያለ ይቀበላል። ከአፍ የወጣ ምርቃት ደግሞ አይመለስም፣ አይታረምም።

«የሚመርቀው ልብስ ሰፊው ነው» አለ ሻምበል። «ዋንጫውን ያመጡልን እሳቸው ናቸው ብለህ መርቅ። ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

አሰልጣኙን አየሁት። ገበታውን አስቀምጦ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። «ጋሼ፣ በልጅዎ ይዤዎታለሁ፣ ይበሉላቸው» አለኝ በዝግታ። «ኳሱን ቤታቸው አስገብተው ቆልፈውበታል። ካልመረቀ ቡድን የሚባል የለም ብለዋል።»

«አንተ ራስህ ንገረኝ። ማን ነው ያሸነፈው?»

«ይተዉኝ ጋሼ።»

«ሰው የለፋበትን ሲነጠቅ ዝም ይላል እንዴ?»

«እኔ አመስግኑኝ ብዬዎታለሁ?»

«አላልከኝም።»

«ታዲያ ሳልጠይቅዎ ለምን ሰጡኝ? እርስዎ ተናግረው ታሰሩ። እኔ በየቀኑ እሳቸው ፊት እቆማለሁ።»

 ሰው የሚገባውን ሲሰጡት ይደሰታል ብዬ ነበር የማስበው። ልጆቼን ያሳደግኩትም እንደዚያ እያልኩ ነው። ይህ ልጅ ግን የሰጠሁትን እንደ ሸክም ነው የያዘው። ተቆጣሁት፤ ልክ መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

የሥጋው ስብ እየረጋ ነጭ ሆነ። ጎረምሳው ከጥጉ «ጋሼ፣ ቶሎ ይመርቁ እንጂ፣ በሬው ሁለተኛ ሊሞትብን ነው» አለ። አንዳንዱ ሳቀ። ሽማግሌው አልሳቁም፣ እኔን ያያሉ። የተራበ ሰው ፊት በእልህ ምግብ ማቀዝቀዝ ኃጢአት ነው። ተነሣሁና መዳፌን ዘረጋሁ።

«ይህን በሬ ጥጃ ሆኖ ያሳደገው እጁ አይድረቅ!»

«ሀ ተኡ!»

«ሲያግደው ዝናብ የመታው ጤናውን ያግኝ!»

«ሀ ተኡ!»

«ያረዱት፣ የቀቀሉት፣ እስከዚህ የተሸከሙት ጉልበታቸው አይዛል!»

«ሀ ተኡ!»

«ጭቃ ላይ የሮጡት ልጆች እግራቸው አይሰበር! እነሱን ያሰለጠነው፣ የሠራው ሥራ በስሙ ይጠራለት!»

እዚህ ላይ ክፍሉ ጸጥ አለ። አሰልጣኙ መሬት መሬት ያያል። ከዚያ ሽማግሌው ብቻቸውን፣ በወፍራም ድምፅ፣ «ሀ ተኡ» አሉ። ሌላውም ተከተላቸው።

ቀጠልኩ። «ኳሱን የገዙት፣ ማሊያ ያለበሱን፣ መኪና የሰጡን፣ ይህንንም በሬ ያረዱልን፣ ቤታቸው አይጉደል!» ይህንንም ከልቤ ነው ያልኩት። ያለ ኳስ ጨዋታ የለም።

«ሀ ተኡ!»

ሻምበል ፊቱ ቀላ። «የመጨረሻውን መጀመሪያ አድርገህ እንደገና በል። ዋንጫውንም ጨምርበት።»

«ሻምበል፣ ምርቃት አይታረምም» አልኩት።

ጥሎን ወጣ። አሰልጣኙ ተከትሎት ይወጣል ብዬ ስጠብቅ ቁጢጥ እንዳለ ቀረ። እጁን ታጠበና ከእኛ ጋር ከአንድ ገበታ በላ። 

እኔ ክረምቱ ወጥቶ በጋው እስኪገባ እዚያው ቆየሁ። ኳሱ ከተቆለፈበት ወጣ፣ አባ ኩባም ዋንጫ ስለሚወዱ ቡድኑን አልበተኑትም። አሰልጣኙን ግን ከመጋዘኑም ከሜዳውም አሰናበቱት። በሚቀጥለው ዓመት ቡድኑ ተሸነፈ ብል ለክርክሬ ይመቸኝ ነበር። አልተሸነፈም። ሌላ አሰልጣኝ ቀጠሩ፣ ዋንጫውንም ደገሙት። ልጄም እዚያው ተጫወተ፣ ውጣ አላልኩትም። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል። የአባ ኩባ ወገኖች «ይኸው፣ አላልንም?» እያሉ ሱቄ ደጃፍ ሲያልፉ እሰማቸው ነበር። ያም ሆኖ ሁለተኛው ዋንጫ የመጀመሪያውን ሰው ልፋት ሐሰት አያደርገውም። ማሸነፍ አንድ ነገር ነው፣ የሰውን ድርሻ ለሰው መስጠት ሌላ።

አሁን የልጅ ልጆቼ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ስለ ውጭ አገር ክለቦች ይከራከራሉ። አንዱ የባለ ሀብቱ ገንዘብ ነው ይላል፣ አንዱ አሰልጣኙ ነው ይላል። ያስፈርዱኛል፤ እኔ አልፈርድም። ግን በዓል ሲሆንና መርቅ ሲሉኝ ከከብቱ አሳዳጊ ነው የምጀምረው። ወጡ ይቀዘቅዛል፣ ሕፃናቱ ያጉረመርማሉ። የድግሱ ባለቤት ጋ የምደርሰው በመጨረሻ ነው። ዘልዬው ግን አላውቅም።