የኋላው ወንበር

ጎማ ሳስነፋ ነው ያየሁት። ለሽያጭ የቆመችውን አሮጌ መኪና ሊገዛ የመጣው ሽማግሌ መጀመሪያ መዳፉን ኮፈኗ ላይ አሳረፈ፤ ሻጭ የመኪናውን ችግር ለመደበቅ ሞተር አሙቆ እንደሚጠብቅ ያውቃል። ኮፈኗ ግን ቀዝቃዛ ነበር። የዘይት መለኪያዋን ስቦ በነጭ መሐረቡ ጠረገና አሸተተ።

"አባባ፣ አልዋሽዎትም፤ አራት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳለች" አለ ደላላው አንገቱን እያከከ።

"ታዲያ እኔን ቁጭ ብላ ልትጠብቀኝ ኖሯል?"

ያለ ምርኩዝ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ሰውዬ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ያመጣውን ክራንች ፈትቶ የኋላው ወንበር ላይ አጋደመው። ልክክ አለ። አጠገቡ ተቀመጠና "እስቲ አስነሣት" አለ። ሞተሩ ሲነሣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ አዳመጠ።

"አታንዘፈዝፍም። የባለቤቴን እግር አታሳምምብኝም።"

ሲወርድ በሩን የዘጋው፣ ውስጥ የተኛ ሰው እንዳለ ሁሉ፣ ቀስ አድርጎ ነው።