ሁለት ጎታ

ከብልባላ የወጣሁ ንጋት አህያውን የጫነልኝ ራሱ ደሳለኝ ነው፤ የሸሸሁት ሰውዬ። ንስሐ አባታችን ለሁለታችን የቁርባን ጋብቻ የቆረጡልን ቀን እሑድ ነበር፤ እኔ ሐሙስ ተነሣሁ። ጣሊያን አገር፣ ቶሪኖ ያለችው ልጄ የሺ ሕፃኗን እንድይዝላት ብላ ያወጣችልኝ ቪዛ እጄ ከገባ ሰንብቷል። ለእሱ የነገርኩት ግን ረቡዕ ነው።

ላሊበላ ስንደርስ ሻንጣዬን ወደ አውቶቡሱ አቀበለኝና፣

«ለእሑዱ አባን ምን ልበላቸው?» አለ።

«አሟታል በላቸው።»

«አልዋሽም። ፈራች እላቸዋለሁ።»

ተናድጄ ፊቴን አዞርኩ። ጋሸና ላይ ሰው ለምሳ ሲወርድ ወርጄ ወደ ላሊበላ የሚመለስ መኪና ፊት ቆምኩ። ረዳቱ «እማማ፣ ይገባሉ አይገቡም?» አለኝ። አልገባሁም።

ሳትፈርዱብኝ ምክንያቴን ስሙ። የየሺ አባት፣ አብረን አርመን አብረን አጭደን፣ ስንፋታ «መሬቱ የእኔ ነው» ብሎ እህሉን በሙሉ አስቀርቶ እኔን ከነልጄ በባዶ ስልቻ ሰደደን። ሽማግሎቹም ዝም አሉ። ስለዚህ ደሳለኝ ቤት ስገባ የገዛ ጎታዬን ጭቃ አቡክቼ ሠራሁ። ምርቱን እኩል እንካፈላለን፤ የእኔ በእኔ ጎታ፣ የእሱ በእሱ። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖርን፣ ክፉ አልወጣውም። እንቁረብ ሲለኝ ግን በአፌ እሺ ብዬ በልቤ ፈራሁ። ሌላው ጋብቻ ይፈታል፤ ቁርባን እስከ መቃብር ነው፣ መውጫ በር የለውም።

የቶሪኖ ብርድ እንደ ላስታ ብርድ ፀሐይ ስትወጣ አይለቅም፤ እርጥብ ሆኖ አጥንት ውስጥ ይውላል። ፖለንታ የሚሉት ገንፎ አላቸው፣ መሐሉ የቅቤ ጉድጓድ እንኳ የለውም። የየሺን ጎረቤት ደረጃ ላይ አግኝቼ ስለ ጤናዋ፣ ስለ ልጆቿ ልጠይቅ ስጀምር «ቻው» ብላኝ ታልፋለች።

የመኖሪያ ወረቀት፣ ሶጆርኖ የሚሉትን፣ ልናወጣ ሄድን። ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጠው ሰውዬ ባል አላት ወይ አለ፤ የሺ ታስተረጉማለች።

«ዘጠኝ ዓመት አብረን ኖረናል፤ እህላችን ግን ለየብቻ ነው በይው።»

«እማ፣ ይኼ የሚጻፍበት ቦታ የለውም።»

«ታዲያ ቦታ ያብጅለት! ወረቀቱ የእሱ ቢሆን ኑሮው የእኔ ነው።»

ሰውዬው በእስክሪብቶው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ። «ሲኞራ፣ ሲ ኦ ኖ?» አለ፤ አዎ ወይስ አይ?

«ኖ» አልኩ፣ በገዛ አፌ።

«ሊበራ!» ብሎ ማኅተሙን አሳረፈው።

«ነፃ ናት ማለቱ ነው» አለች የሺ።

ስንመለስ ትራም ውስጥ አለቀስኩ። አህያ ጭኖ የሸኘኝን ሰው ነው በማኅተም የካድኩት።

በሁለተኛው ዓመት አገር ቤት ዝናቡ ቀረ። እህቴ «ደሳለኝ በቀን አንዴ ነው የሚበላው» ስትለኝ ወዲያው ደወልኩለት።

«ጎታዬ ውስጥ ገብስ የለም እንዴ?»

«ሙሉ ነው። ያምናውንም እኩሌታ ጨምሬበታለሁ።»

«ታዲያ ለምን አትበላም?»

«የአንቺ ነዋ።»

«አንተ ጅል፣ ነቀዝ ሊበላው?»

«ይብላው። እሱም እንደ የሺ አባት ነው ከምትይኝ።»

ስለ ፍርድ ስጮህ የኖርኩት ሴትዮ እኔ ነኝ። ሌላ ሰው በበደለኝ እሱን ስቀጣ ኖሬያለሁ፤ ይኼ ፍርድ ነው?

«ስማ» አልኩት። «ጎታዬን ክፈትና ከአንተው ጋር ቀላቅለው።»

«ካልሽ የምበላውን እወስዳለሁ። መቀላቀሉን ግን መጥተሽ በእጅሽ አድርጊው። አባ እስካሁን ይጠይቁኛል፤ አሁንስ ምን ልበላቸው?»

«አሁንም ትፈራለች በላቸው። ግን ትመጣለች በላቸው።»

ስልኩን ስዘጋ የሺ ሕፃኗን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

«መቼ ነው፣ እማ?»

«ነቀዙ ሳይቀድመኝ» አልኳትና ልጅቷን ተቀበልኳት።