ሚኒሞው የተስተካከለ ቀን

አባቴ እህልና ሸቀጥ የሚያመላልስባት ትንሽ የቤንዚን የጭነት መኪና ነበረችው። ከመካነ ሰላም ወደ ከላላ፣ አንዳንዴም ወደ ማሻ ይሄድባታል። ስትሄድ ምንም አይላትም። ስትቆም ግን፣ እግር ከነዳጁ ላይ ሲነሳ፣ ወባ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጥና ትጠፋለች። መኪና ቆሞ ሞተሩ በራሱ ቀስ ብሎ ሲዞር ሾፌሮች «ሚኒሞ» ይሉታል። የእኛዋ ሚኒሞ የሚባል ነገር አልነበራትም። ባትሪዋም ደካማ ስለነበር አንዴ ከጠፋች የምትነሳው ተገፍታ ነው።

እኔ ጋቢናዋ የገባሁት በዚህ ምክንያት ነው። አባቴ ጭነት ሊያወርድ ሲወርድ፣ ወይም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አቁሞ ሲሳለም፣ እኔ ወደ እሱ ወንበር ተሻግሬ ነዳጁን ረገጥ አድርጌ እይዛለሁ። አብዝቼ ከረገጥኩ ትጮሃለች፤ ካላላሁ ትጠፋለች። መካከሉን እግሬ ያውቀዋል።

ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። አስተማሪ ሲጠይቀኝ መልሱን እያወቅኩት ድምፄ እምቢ ይለኝ ነበር። ቤት እንግዳ ሲመጣ ጓዳ እገባለሁ፤ እስኪሄድ አልወጣም። ጋቢና ውስጥ ግን የሚያናግረኝ የለም። ከላላ ገበያ ላይ በበቅሎ የመጡት ሲከራከሩ፣ ሴቶች ሽንኩርታቸውን ሲደረድሩ፣ ሙሽሮች ልብስ ሲመርጡ በመስኮቱ አያለሁ። አገር ያየሁት በዚያ መስኮት ነው።

ጭነት አውራጆቹ ይቀልዱብን ነበር።

«ይቺ ልጅ ከሞተሩ ጋር ነው እንዴ የተገጠመችው?»

«ተዋት» ይላል አባቴ ጆንያዎቹ ላይ ቆሞ፣ «እሷ ከወረደች መኪናዋን የምትገፋት አንተ ነህ።»

የመንቀጥቀጧን ነገር ሁላችንም ብርድ ነው እንል ነበር። አገሩ ደጋ ነው፤ ጠዋት ሰውም ከብቱም ይንቀጠቀጣል። መኪና ቢንቀጠቀጥ ማን ይገረማል? ቆላ ስንወርድም እንደማትተወው ልብ ያለ የለም። አባቴ ሲብስባት ካቻቢቴ ያነሳና ሞተሩ ፈጠን ብሎ እንዲዞር የሚኒሞዋን ቡሎን ትንሽ ያጠብቅላታል። «ብርዱ ነው» ይላል፤ ከዚያ ወደኔ ዞሮ «በይ ያዢልኝ» ይለኛል።

ባለፈው ክረምት አባቴ ታሞ ሞተ። መኪናዋ ሸራ ለብሳ ግቢ ውስጥ ቆመች። ደሴ በሰው መኪና ላይ ይሠራ የነበረው ታላቅ ወንድሜ ከአርባው በኋላ ተረከባት። የመጀመሪያውን ጉዞ አብሬው ሄድኩ፤ እንደ ድሮው ነዳጁን ያዝኩለት። አልወደደውም።

«ሰው ለጎማው ድንጋይ ያስቀምጣል» አለኝ፣ «እኛ ለነዳጁ እህት እናስቀምጥ?»

ሳቅኩ። በሳምንቱ ጋራዥ ወሰድናት።

መካኒኩ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፤ የአባቴን መኪና ሲጠግኑ የኖሩት እሳቸው ነበሩ። ኮፈኑን ከፈቱ። እኔ ነዳጁን እንደያዝኩ ነኝ። አጎንብሰው ሲያዳምጡ ቆዩና ከሞተሩ አናት ላይ አውራ ጣት የምታክል ነገር ከነቱቦዋ ነቀሉ። የቱቦዋን አፍ በጣታቸው ደፈኑት።

«እስቲ እግርሽን አንሺ» አሉኝ።

«ትጠፋለች» አልኳቸው።

«ግዴለም፣ አንሺ።»

አነሳሁ። አልጠፋችም። መንቀጥቀጡ ቀለል ብሎ በሳቸው ጣት ላይ ቆማ መዞሯን ቀጠለች።

«ብርድ አይደለም» አሉ። «ሞተር ሆዱ ውስጥ ጭስ ይጠራቀምበታል። ይቺ ቫልቭ እየመጠነች መልሳ ታስገባውና እዚያው ይቃጠላል። መኪናዋ ስትቆም ቫልቭዋ መጥበብ አለባት። ይቺ ግን ዝቃጭ ይዟት ተከፍታ ቀርታለች። ትርፍ አየር እየገባ ነው የሚያንቀጠቅጣት።»

አሮጌዋን ጆሮዬ ሥር ነቀነቋት፤ ዝም። አዲስ አምጥተው ነቀነቁ፤ ውስጧ ያለችው ብረት ቀጭ ቀጭ አለች። አዲሷን ገጥመው ቱቦዋን ሲያጠብቁ መኪናዋ በድንገት መጮህ ጀመረች።

«ይሄ ደግሞ አባትሽ ያጠበቀው ነው» አሉና ካቻቢቴ አነሱ።

ቡሎኑን ወደ ኋላ ሲመልሱት እያየሁ ነበር። አባቴ በስንት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ያጠበቀውን እሳቸው በአንድ እጅ ፈቱት። ጩኸቱ እየወረደ እየወረደ መጣና አንድ ቦታ ላይ ረጋ። ሞተሩ እንደ ተኛ ሕፃን ይተነፍሳል። ወንድሜ አጨበጨበና እጁን ሊታጠብ ወጣ። እኔ እግሬን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

መካኒኩ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወደ ጋቢናው በር መጡ።

«ለአባትሽ ነግሬው ነበር እኮ፤ ስንት ጊዜ! ‹ቫልቭዋን ልቀይርልህ› ስለው፣ ‹ታዲያ ልጄ በምን ሰበብ ከቤት ትውጣ?› ይለኛል። ቀልዱን መስሎኝ ወላሂ ስስቅ ነበር።»

ፊቴን ሲያዩ ጨርቃቸውን አጣጠፉ። «አብሽሪ እንግዲህ» አሉ ቀስ ብለው። «ነፍሱን ይማር።»

አባቴ ይህን ሲላቸው ፊቱ እንዴት እንደነበር ልጠይቃቸው ፈለግኩ። እየሳቀ ነበር? ወይስ ሲጨነቅ እንደሚያደርገው ኮፍያውን አውልቆ ውስጡን እያየ? ጥያቄው አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ወንድሜም መጣ።

በማግስቱ ለአንድ ደብር የሚሄድ ቆርቆሮ ተጫነ። እኔ ነጠላዬን ለብሼ እንደ ወትሮው የጋቢናው በር ጋ ቆሜያለሁ። ወንድሜ ገመዱን እየሳበ አየኝ።

«አንቺማ ምን ትሠሪያለሽ መጥተሽ? አሁን እኮ ራሷን ችላለች። በቦታሽ የደብሩ ቄስ ይቀመጡ፤ አንቺ ዕረፊ።»

ለደግ ብሎ ነው። እንዳረፍኩ መስሎት ደስ ብሎታል። «ልምጣ» የምትለዋን ቃል ሌሊቱን ሙሉ ሳዘጋጃት ነበር ያደርኩት። አንድ ቃል ናት። ገመዱን አስሮ እስኪጨርስ ሞተሩ ባዶ ጋቢና ይዞ በራሱ ይዞር ነበር፤ ማንም አልያዘለትም።

የደብሩ ቄስ መጡ። መስቀላቸውን ተሳለምኩ።

«ልጄ፣ አንቺም ትሄጃለሽ?»

አንገቴን ደፋሁ።

«ታፍራለች፣ አባ» አለ ወንድሜ። «ይግቡ፣ ብርድ ነው።»

ገቡ፤ ነጠላቸውን ሰብስበው በሩን ዘጉ። መኪናዋ ሳትንገራገጭ ወጣች። ቤት ስገባ እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር።

«ምነው ቀረሽ?»

«አላስፈለግኩም።»

ቀና ብላ አየችኝና ከጎኗ ቦታ ለቀቀችልኝ። ተቀምጬ አብሬያት ለቀምኩ።

ከዚያ ወዲህ ከላላን አላየኋትም። በፊት መኪናዋ ስትመለስ መንቀጥቀጧ ከሩቅ ይሰማ ነበር፤ አሁን መድረሷን የማውቀው ወንድሜ በር ሲያንኳኳ ነው። ወጥቼ እከፍትለታለሁ፤ ውሃ አቀርብለታለሁ። ስለ መንገዱ ያወራልናል፤ እናቴ ትጠይቀዋለች፤ እኔ አዳምጣለሁ። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። «ልምጣ» ብዬ ብጠይቀው እሺ ይለኛል፤ ይህን አውቃለሁ።